ክራርና ኦርኬስትራ በአስፈሪ ፊልም ውስጥ፦ «ሲነርስ»ን ያያችሁ እስቲ ሐሳብ ስጡኝ

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ። ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ከጓደኞቼ ጋር አጭር ፊልም እየሠራን ነው፤ ሃያ ደቂቃ ገደማ፣ አስፈሪ። ቦታው ፒያሳ ነው። አካባቢው ሲፈርስ ተርፎ የቆመ አሮጌ የእንጨት ቤት አግኝተን፣ ደረጃው ሲረግጡት የሚያቃስት፣ በረንዳው ያዘነበለ፣ እዚያው ቀረጽን። ታሪኩ ባጭሩ፦ አንድ ወጣት ክራር ተጫዋች የአያቱን ቤት ሊሰናበት ይመጣል። ማታ ብቻውን ቁጭ ብሎ ይጫወታል። ከዚያ ከወለሉ ሥር የሆነ ነገር አብሮት መጫወት ይጀምራል። ቀረጻው አልቋል፣ ኤዲቱም እያለቀ ነው። የቀረው ሙዚቃው ነው። እሱ ደግሞ እኔ ላይ ወድቋል።

«ሲነርስ»ን ካየን ወዲህ ሁላችንም ለቀቅ አድርጎናል መሰለኝ። ላላያችሁት፦ ራያን ኩግለር እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው ነው። ታሪኩ የሚሆነው በ1932 ሚሲሲፒ ውስጥ፣ ክላርክስዴል የሚባል ከተማ ነው። መንትያ ወንድማማቾች (ሁለቱንም ማይክል ቢ. ጆርዳን ነው የሚጫወተው) አሮጌ የእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ገዝተው የብሉዝ ጭፈራ ቤት ይከፍታሉ። የሰባኪ ልጅ የሆነው ዘመዳቸው ጊታሩን ይዞ ሲዘፍን፣ ድምፁ ከውጭ ቫምፓየሮችን ይጠራል። ሙዚቃውን የሠራው ሉድቪግ ዮራንሶን ነው፤ ለ«ብላክ ፓንተር» እና ለ«ኦፐንሃይመር» ሙዚቃ ኦስካር የወሰደው ስዊድናዊ።

እኔን የገረመኝ ብሉዙ የት አልቆ ኦርኬስትራው የት እንደሚጀምር አለመታወቁ ነው። አንድ ጊታር ነው እያልክ ስትሰማ፣ ሳታስተውለው ክፍሉ በቫዮሊን ተሞልቷል። እኔ ጋ ግን ክራሩን ቀድቼ ከሥሩ የኮምፒውተር ቫዮሊን ሳስገባ የሚወጣው ነገር የሠርግ ቪዲዮ ነው። በእውነት። ሙሽራዋ ብቻ ነች የቀረችው።

እና ከየት ልጀምር? ትዝታ የእኛ ብሉዝ ነው ሲባል እየሰማሁ ስላደግኩ በትዝታ ልሂድ ብዬ ነበር። በገናም ላስገባ አስቤያለሁ፣ ያ የሚነዝር ድምፁ ጨለማ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። የምታውቁ ካላችሁ በደንብ ንገሩኝ፣ ገንዘብ ግን የለም።

ባለ ክራሩ፦

ከትዝታው ልጀምር፤ ሁሌም የሚያናድደኝ እሱ ነው። ትዝታ ብሉዝ ነው የሚለውን ከቡና ቤት እስከ ሬዲዮ ሰምተነዋል። በስሜት ከሆነ ይሁን። የሄደ ሰው አለ፣ ሌሊት አለ፣ ብቻ መቅረት አለ። ቅኝቱ ላይ ስትመጣ ግን የብሉዝ የቅርብ ዘመዱ ሌላ ነው። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ይሄ ብሉዝ ውስጥም ይገባል፣ በተለይ ፈታ ባለው ዓይነት። ያ የሚያቃጥለው፣ የጊታሪስቱ ጣት ሳያስብ የሚሄድበት ግን ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ነው (ፍላት ሲባል ግማሽ ድምፅ ወረድ ያለ ማለት ነው)። ክራርህን አንሣና ምታው። ባቲ ማይነር የሚባለው የራሳችን ቅኝት ነው! ስንት ጊዜ ለሰው እንዳስረዳሁት።

ብሉዞቹ በዚህ ላይ አንድ ይጨምራሉ፤ ሶል ፍላት። ሦስተኛዋን ድምፅ ደግሞ በሚ እና በሚ ፍላት መካከል የሆነ ቦታ ላይ ያንሸራትቷታል፤ ክሩን በጣት ይገፉታል ወይም የጠርሙስ አንገት ያስኬዱበታል። ደብልዩ. ሲ. ሃንዲ የሚባለው ሙዚቀኛ በ1903 ገደማ ሚሲሲፒ ውስጥ ባቡር ሲጠብቅ አንድ ሰው በቢላ ክሩን እየገፋ ሲጫወት ሰምቶ፣ ከሰማሁት ሁሉ እንግዳ የሆነ ሙዚቃ ነው ማለቱ የታወቀ ነው። ክራር ይሄን አያደርግልህም። አንገት የለውማ። ክፍት ክር ነው፣ መታኸው አለቀ። ማንሸራተቱን ለማሲንቆ ስጠው። አንድ ጭራ ነው ያለው ግን መሐል ላይ የማይደርስበት ቦታ የለም።

አሁን ወደ ፍርሃቱ። አንቺሆዬ የሚባለውን ቅኝት ታውቀዋለህ፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ዶ እና ሶል ፍላትን አንድ ላይ ምታቸው። የውጭ አገር አስፈሪ ፊልም ሠሪዎች በቫዮሊን መዓት የሚያመጡት ያ የሚያሳክክ ርቀት አያትህ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ፋ እና ሶል ፍላት ደግሞ ተጣብቀው ይጣላሉ። ሠርግ ላይ ስለምንሰማው ለምደነው ነው እንጂ ቀስ አድርገህ፣ ያለ ከበሮ፣ አንድ አንድ ክር እየለቀምክ ተጫወተውና ንገረኝ።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ እኔ ብሆን የማደርገው። ባቲ ማይነርን ከአንቺሆዬ አጠገብ አስቀምጠህ እያቸው። ዶ ባለበት ነው። ፋ ባለበት ነው። የተቀሩት ሦስቱ ሁሉም ወደ ታች ነው የሚወርዱት፤ ሚ ፍላት ሬ ፍላት ይሆናል፣ ሶል ሶል ፍላት ይሆናል፣ ሲ ፍላት ላ ይሆናል። ማለት ልጁ ፊልሙን በባቲ ማይነር ይጀምራል፣ ብሉዝ ብሉዝ የሚለው የሰው ድምፅ። ከዚያ ሌሊቱ ሲገፋ ሦስት ክር ይላላል። ማንም ሳይነካው። ተመልካቹ ቅኝት ባያውቅም የሆነ ነገር እንደ ወረደ ይሰማዋል። ክሩ ሲላላ ራሱ የሚወጣው ያ የሚያለቅስ ድምፅ አለ አይደል፣ እሱንም ቅዳው። እንዲያውም መቃኛውን በቅርብ ካሜራ ብታሳዩት።

በነገራችን ላይ ዮራንሶን ለዚያ ፊልም የተጠቀመው በ1932 የተሠራ ዶብሮ ጊታር ነው፤ ታሪኩ የሚሆንበት ዓመት ማለት ነው። ዶብሮ ሆዱ ውስጥ የብረት ሳህን ያለበት ነው፤ የኤሌክትሪክ ጊታር ከመስፋፋቱ በፊት፣ ጭፈራ ቤት ጫጫታ ላይ እንዲሰማ የተሠራ። የዮራንሶን አባት የጊታር አስተማሪ ናቸው፣ የብሉዝ ፍቅር ከቤት ነው የመጣው። ስለዚህ ሰውየው ኦርኬስትራ ጽፎ ብሉዝ አልለጠፈበትም፤ ከአንዲት አሮጌ ጊታር ድምፅ ተነሥቶ ነው ወደ ኦርኬስትራው የሄደው። አንተ ደግሞ ከቫዮሊኑ ጀመርክና ሙሽራ መጣችብህ።

አራዳ ጊዮርጊስ፦

ወንድሜ፣ ፊልማችሁ ይቅናችሁ። በገናውን ግን ተዉት። በዐቢይ ጾም ስንሰማው ያደግነው የጸሎት መሣሪያ ነው። የሰይጣን መምጫ ምልክት ስታደርጉት ፊልሙን ያየ ልጅ በሚቀጥለው ጾም በገና ሲሰማ ትዝ የሚለው ያ ነገር ከወለሉ ሥር ሲወጣ ነው። ይሄ ለእናንተ ቀላል ይሆናል፣ ለእናቴ ግን ቀላል አይደለም። ሌላ መሣሪያ ሞልቷል።

ባለ ክራሩ፦

እስማማለሁ። ደግሞም ያ ንዝረት የበገና ምሥጢር ብቻ አይደለም። በገናው ላይ በእያንዳንዱ ክርና በበርኩማው (ክሮቹ በሚያርፉበት እንጨት) መካከል ትንሽ ቆዳ ትገባለች፣ ክሩ እሷን እየነካ ነው የሚነዝረው። ለክራሩም አንድ ሁለት ክር ላይ ቀጭን ቆዳ ወይም ወፈር ያለ ወረቀት አድርግለት። ያው አይሆንም። ግን የሆነ የታመመ ክራር ይሆናል፣ አንተ የምትፈልገው እሱን ነው።

አራዳ ጊዮርጊስ፦

እንዲህ ከሆነ ጥሩ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

የድሮው ቫዮሊን፦

ልጄ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ቫዮሊን ስጫወት ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። ፊልሙን የልጅ ልጄ አሳይታኝ ነው ያየሁት። ደሙ አልተስማማኝም። ሙዚቃው ግን ቁጭ አድርጎኛል።

ኦርኬስትራና የእኛ ቅኝት ለምን እንደማይስማሙ ልንገርህ፤ ይሄ አዲስ ጥያቄ አይደለም። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ካስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆችና ከሙዚቃ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። በኋላ የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ቴአትር ቤት ሆነው የአገሩን ዜማ ለብዙ መሣሪያ ሲጽፉ የደከሙበት ነገር ይሄው ነው። ፈረንጅ ሙዚቃውን የሚሠራው ኮርድ፣ ማለት አንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች፣ ደርድሮ ነው። ዶ፣ ሚ፣ ሶል ብሎ ምሰሶ ያቆማል፣ ዜማውን እላዩ ላይ ያስቀምጣል። የእኛ ዜማ ምሰሶ አይፈልግም። አምስት ድምፅ ነው ያለው፣ ኮርዱ የሚፈልገው ድምፅ ብዙ ጊዜ ቅኝቱ ውስጥ የለም። ከውጭ አምጥተህ ስታስገባው ቅኝቱ ይሞታል። ያንተ የሠርግ ቪዲዮ የመጣው ከዚያ ነው። ቫዮሊኑ አይደለም ጥፋተኛው። ኮርዱ ነው።

ባለ ክራሩ ዶ እና ፋ አይነቃነቁም ያለው ትልቅ ነገር ነው፣ ራሱም ምን ያህል ትልቅ እንደሆነ ያየው አልመሰለኝም። ለኮንትራባስና ለቼሎ፣ ለትልልቆቹ የቫዮሊን ዘመዶች፣ እነዚያን ሁለቱን ብቻ ስጣቸው። ዶ እና ፋ፣ ረዥም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። ሌላ ምንም አይጫወቱ። ክራሩ በባቲ ማይነር ሲጀምር ከሥሩ ያ ድምፅ ቤት ይመስላል፣ ይደግፈዋል። ክራሩ ወደ አንቺሆዬ ሲወርድ ኮንትራባሱ ምንም ሳይለውጥ ያው ድምፅ ይጠቁራል። ሰው ወለሉን ያየዋል፣ ወለሉ ያው ነው፣ ግን አያምነውም።

ቫዮሊኖቹን ደግሞ እንዲህ አድርግ። አዝማሪ ሲዘፍን ማሲንቆው ምን ያደርጋል? ያንኑ ዜማ ነው የሚጫወተው፤ ግን ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ትንሽ አጣምሞ፣ ጫፉ ላይ የራሱን ነገር ጨምሮ። ሁሉም አንዱን ዜማ ነው የሚከተለው እንጂ ማንም ኮርድ አያበጅም። ፊልምህ ውስጥ ከወለል ሥር ሆኖ አብሮት የሚጫወት ነገር አለ አላልክም? እሱ ነው ኦርኬስትራህ። ሌላ ኦርኬስትራ አታምጣ። መጀመሪያ አንዲት ቫዮሊን ብቻ፣ በዝግታ፣ ክራሩ የጨረሰውን ዜማ ከኋላው ትድገመው። ተመልካቹ የቤቱ ማሚቶ ይምሰለው። ከዚያ ሁለት ይሁኑ፣ አራት ይሁኑ፣ ወደ እሱ ይቅረቡ። እኩል ይድረሱ። መጨረሻ ላይ ልጁ ክሩን ከመንካቱ በፊት ቫዮሊኖቹ ቀድመውት ይጫወቱ። ያን ጊዜ ልጁ እጁን ያነሣል፣ ዜማው ግን ይቀጥላል።

ብዙ መሣሪያ የለኝም ብለህ አትዘን። በርናርድ ኸርማን በ1960 ለ«ሳይኮ»፣ ሴትዮዋ ሻወር ውስጥ ለምትገደልበት የሂችኮክ ፊልም፣ የጻፈው ሙዚቃ ባለ ክር መሣሪያ ብቻ ነው። ጥሩምባ የለ፣ ከበሮ የለ። ሰዉ ግን እስከ ዛሬ ሻወር ቤት ሲገባ ያስታውሰዋል።

ካዛንቺስ ነበርኩ፦

ሁሉም ደስ ይላል ግን አንድ ነገር ልበል፣ ማንም እንዳይከፋው። ለምንድን ነው ሁሌ ሌላው ሰው ሠርቶ ሲያሳየን የራሳችንን ነገር ትዝ የሚለን? ዛር ቤት ሙዚቃ መንፈስ ይጠራል ሲባል ስንሰማ ኖረን፣ አዝማሪ ሲናቅ ኖሮ፣ የ«ሲነርስ»ን ያን ልጅ አባቱ ሰባኪ ሆነው ብሉዝ የሰይጣን ሙዚቃ ነው ሲሉት አይተን ነው ወይ የነቃነው? አዝማሪ ቤት ከጭፈራ ቤታቸው በምን ያንሳል? እኔ ሰፈሬ እያለ አዝማሪ ቤት እንደዚያ ግድግዳው ሲነቃነቅ አይቻለሁ።

የድሮው ቫዮሊን፦

ልክ ነህ፣ ነገር ግን እነሱም ቤታቸው ውስጥ ያው ጠብ ነበረባቸው። ሰን ሃውስ የሚባለው የሚሲሲፒ ብሉዝ ተጫዋች መጀመሪያ ሰባኪ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በሁለቱ መካከል ሲጎተት ነው የኖረው። የአዝማሪና የደብተራ ነገር ነው፣ ምን ይደረጋል።

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። የቫዮሊኑን ነገር ሳነብ ተነሥቼ ቤት ውስጥ ስዞር ነበር። እኛ ከወለሉ ሥር ላለው ነገር ጭራቅ ድምፅ ምናምን እየፈለግን ነበር፣ ማጉረምረም፣ ማናፋት። እርስዎ በአንድ አንቀጽ ጨረሱት። ደግሞ አሁን ሳስበው «ሲነርስ» ውስጥም እኮ ቫምፓየሮቹ ሲመጡ የሚያስፈሩት በጩኸት አይደለም። አየርላንዳዊው ዋና ቫምፓየር የራሱን አገር ዘፈን ይዞ ነው የሚመጣው፣ ደጅ ላይ ቆመው በሚያምር ድምፅ ይዘፍናሉ፣ አስገቡን ይላሉ። ዘፈኑ ስለሚያምር ነው የሚያስጠላው። በሩን መክፈት ያምርሃል።

ካዛንቺስ፣ የተናገርከው ገብቶኛል። እኛም ለማንም አንኮርጅም፤ ታሪኩ የፒያሳ ነው፣ ሙዚቃው የክራር ነው። ከነሱ የወሰድኩት ከመሣሪያው ጀምር የሚለውን ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን ባለ ክራሩ ነው የነገረኝ።

አሁን የቀረኝ ቀረጻው ነው። አንድ ቫዮሊን የምትጫወት ጓደኛ አለችኝ። አንድ። ማሲንቆ የሚጫወት ልጅም አግኝቻለሁ። ስቱዲዮ መከራየት አንችልም። አንዴ ሞክረን የከፈልነው ብር ሄዶ የተቀዳው ግማሽ ነው፣ መብራት ጠፋ፣ ጄኔሬተሩም የለም ተባልን፣ ብሩን ግን ማንም አልመለሰልንም። ስማቸውን አልጠራም።

ድምፅ ቀጂዋ፦

እኔ ልግባ፣ ሥራዬ ስለሆነ። ወንድሜ፣ ስቱዲዮውን እርሳውና ፊልሙን የቀረጻችሁበት ቤት ተመለሱ። የእንጨት ወለልና ከፍ ያለ ኮርኒስ ያለው ክፍል ለክራር ከስፖንጅ ከተለጠፈበት ክፍል ይሻላል። ድምፁ ፊልሙ ላይ ካለው ክፍል ጋር አንድ ይሆናል፣ ተመልካቹ ሙዚቃው ከቤቱ የመጣ ይመስለዋል። ቀን ግን አትሂዱ፤ ፒያሳ ቀን በቀን ቁፋሮ ነው። ሌሊት ሂዱ፣ ውሾቹ ዝም ሲሉ። ላፕቶፑን በባትሪ አሠሩት፣ ቻርጀሩን ንቀሉት፤ ብዙ ጊዜ ያ «እእእእ» የሚል ድምፅ የሚገባው ከሱ ነው።

አንድ ቫዮሊን ብቻ መኖሩ ችግር አይደለም። ጓደኛህ ያንኑ ዜማ ደጋግማ ትጫወት፣ ግን በእያንዳንዱ ጊዜ ወንበሯን አንሥታ ሌላ ቦታ ትቀመጥ። አንዴ ማይኩ አጠገብ፣ አንዴ ጥግ፣ አንዴ ደረጃው ላይ፣ አንዴ ጀርባዋን ሰጥታ። አንድ ቦታ ተቀምጣ ብትደጋግመው ስትደርበው ድምፁ ይቀጥናል፣ የታፈነ ነገር ይሆናል። ጋሼ ወደ ኋላ ይቅሩ ያሉትን ደግሞ ኤዲት ላይ እየጎተትክ ለማድረግ አትሞክር። በኮምፒውተር ስታዘገየው ሁሉም በእኩል ነው የሚዘገየው፣ ማሽን ማሽን ይላል። ራሷ ሰምታ ትከተል። ክራሩን በጆሮ ማዳመጫ ስጣትና ዜማውን ሳታጠና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሰማች ትከተለው። የምትሳሳተውን አታጥፋ።

ስለ ኮንትራባሱ ግን አስጠነቅቅሃለሁ። ሲኒማ አዳራሽ ውስጥ ደረት ያነቃንቃል። ያንተ ፊልም ግን የሚታየው ዩቲዩብ ላይ ነው፣ ዩቲዩብ ደግሞ ስልክ ላይ ነው፣ ታክሲ ውስጥ። የኮንትራባስ የመጨረሻው ወፍራም ክር 41 ኸርዝ አካባቢ ነው፣ የስልክ ስፒከር እዚያ ቦታ ላይ ምንም የለውም። ባዶ ነው የሚሰማው። ስለዚህ ያንኑ ዶ እና ፋ ከላይ ባለው ኦክታቭ በቼሎም ደርበው። ወይም ኮንትራባሱ ላይ ትንሽ ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክር ኢፌክት) ጨምር፤ ከሱ በላይ ያሉት ድምፆች ሲወጡ ጆሮ የታችኛውን ራሱ ይሞላዋል። ትንሽ ብቻ፣ ሮክ እንዳይመስል።

ክራሩን በሁለት ማይክ ቅዳው። አንዱን ከፊት ጥቂት ራቅ አድርገህ፣ አንዱን በጣም ቀረብ አድርገህ ቆዳው ጋ። መጀመሪያ ላይ የራቀውን ተጠቀም፣ ልጁ ክፍሉ ውስጥ ነው። ነገሩ እየባሰ ሲሄድ ቀስ እያልክ ወደ ቀረበው ዙር። ጥፍሩ ክሩን ሲነካ ይሰማል፣ ትንፋሹ ይሰማል። ድምፅ ሳትጨምር ሰውን ወንበሩ ላይ ታስጠጋዋለህ። ያ የሚነዝረው ወረቀትም በቀረበው ማይክ ነው የሚያምረው።

ዝምታውንም ቅዱት። ማንም ሳይንቀሳቀስ ሁለት ሦስት ደቂቃ የባዶ ክፍሉን ድምፅ። ሙዚቃው የሚቆምበት ቦታ ላይ እሱ ከሌለህ ፊልሙ የተቋረጠ ነው የሚመስለው። ደረጃውንም እያንዳንዱን እየረገጣችሁ ቅዱት። አንዷ ደረጃ ለፋ የምትቀርብ ድምፅ ብትሰጥ የኔን ደስታ አልነግርህም።

ባለ ክራሩ፦

ደረጃዋ ባትሰጥ ክራሩን ወደ ደረጃዋ እንቃኘዋለን። ክራር ዶ የትም ነው የሚያርፈው፤ ፒያኖ አይደለም።

ድምፅ ቀጂዋ፦

አቦ ይሄን እንዴት አላሰብኩትም! አዎ፣ መጀመሪያ ቤቱን ቅዱ፣ ከዚያ መሣሪያውን ወደ ቤቱ ቃኙ። ቫዮሊኗም ማሲንቆውም ይከተላሉ። የኮምፒውተር ቫዮሊን ይዛችሁ ቢሆን ይሄ ራስ ምታት ነበር።

የሠራተኛ ሰፈር ልጅ፦

ተወሰነ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌሊት ቤቱ እንገባለን። ክራር፣ ማሲንቆ፣ አንድ ቫዮሊን። በገና የለም። ኮርድ የለም። ባለ ክራሩ፣ ብትመጣ ደስ ይለኛል፣ በውስጥ መስመር ጽፌልሃለሁ። ጋሼ፣ ሌሊት ስለሆነ ኑ ማለት ከበደኝ፣ የተቀዳውን ግን እልክልዎታለሁ።

ኮንትራባስ ያለው ወይም የሚያውቅ ሰው ካለ ደግሞ ይጻፍልኝ። ቼሎም ቢሆን ይሆናል።

የድሮው ቫዮሊን፦

የሥራ ባልደረባዬ የነበረ ሰው ኮንትራባስ ቤቱ አለው። አራት ኪሎ ነው። እጠይቅልሃለሁ። ሌሊቱንም እኔ አልፈራም፣ እንቅልፍ ከተለየኝ ቆይቷል። ደረጃው ግን መደገፊያ አለው?

ካዛንቺስ ነበርኩ፦

ኮንትራባሱን ከአራት ኪሎ ፒያሳ በምን ልታመጡት ነው? ራይድ አይጭነውም። የአጎቴ ልጅ አይሱዙ አለው፣ ነዳጁን ከቻላችሁ እሱን አናግረዋለሁ።